ሃያ ዓመት ያለፈውን ቢኤምደብሊው በቤት መጠገን፦ ከማሻሻል በፊት ምን ይቀድማል?

«ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ አልፎ አልፎ ውሃ ብቻ ይጎድለዋል።» ያረጀ ቢኤምደብሊው የሚሸጥ ሰው ይህን ሲናገር ብዙውን ጊዜ አይዋሽም። ሞተሩ እውነትም ጤነኛ ነው። ክፋቱ የጎደለው ውሃ ወዴት እንደሄደ አለመጠየቁ ነው።

ይህ ማብራሪያ የሚያተኩረው በአንድ መኪና ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2005 በተመረተው ባለ አራት በር የቢኤምደብሊው 3 ሲሪስ፣ አፍቃሪዎቹ በፋብሪካ መለያው «ኢ46» በሚሉት፣ በተለይም 330አይ በተባለው ዓይነት። ከነኩፔውና ከነሌሎቹ ቅርጾቹ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ስለተመረተ በአሜሪካም በአውሮፓም መለዋወጫው እንደ ልብ ይገኛል፤ ጋራዥ ወይም ሰፋ ያለ ደጅ ያለው ሰው በራሱ እጅ ሊይዘው የሚችል መኪና ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በብዛት አይታይም። ሆኖም ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከሉ ያለውን መኪና አቆይቶ መያዝ ለብዙዎች የግድ ሆኗል፤ እዚህ ስለ እርጅና የሚነገረው ነገር አብዛኛው ደግሞ ለቶዮታም ይሠራል።

ስፖርት ሴዳን ሲባል ምን ማለት ነው?

አምስት ሰው የሚይዝ፣ ሻንጣ የሚጭን የቤተሰብ መኪና ሆኖ መሪው፣ ፍሬኑና እግሩ ለፈጣን አነዳድ የተቃኘ ማለት ነው። «እግር» ስንል ሞላውን፣ አሞርዛተሩንና ጎማውን ከአካሉ ጋር የሚያያይዙትን ክንዶች ነው። 330አይ በተርታ የተደረደሩ ስድስት ሲሊንደሮች ያሉት ባለ 3 ሊትር ሞተር አለው፤ 231 የፈረስ ጉልበት ያወጣል፣ በአሜሪካ ገበያ ደግሞ 225 ተብሎ ተመዝግቧል። ጉልበቱ ወደ ኋላ ጎማ ይሄዳል፣ ክብደቱም ለፊትና ለኋላ እኩል ሊባል በሚችል መልኩ ተከፍሏል። መኪናውን ተወዳጅ ያደረገው ከፍጥነቱ ይልቅ ይህ ሚዛኑ ነው።

ሞተሩ ጤነኛ ከሆነ የሚያረጀው ምኑ ነው?

ብረቱ አይደለም። ባልቦላዎቹን፣ ማለትም አየር የሚያስገቡትንና ጭስ የሚያስወጡትን በሮች፣ የሚያሠራው በቺንጋ ሳይሆን በሰንሰለት ስለሆነ፣ ዘይቱ በወቅቱ የተቀየረለት ሞተር 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ማለፉ ብርቅ አይደለም። የሚያረጁት ፕላስቲክ፣ ጎማና ፈሳሽ ናቸው። ፕላስቲክ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ኖሮ ይደርቃል፤ ጎማ ይጠነክርና ይሰነጠቃል፤ የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። እነዚህ በተነዳው ኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በዕድሜም ያልቃሉ። ስለዚህ «ጋራዥ የቆመ፣ ብዙ ያልተነዳ» የሚባለው መኪና የግድ የተሻለ አይደለም፤ እንዲያውም እስከ ዛሬ ምንም ያልተቀየረለት ሊሆን ይችላል።

አምራቹም የራሱ ድርሻ አለበት። በዚያ ዘመን ባለቤቱ በጥገና ወጪ እንዳይማረር ተብሎ የዘይት መቀየሪያው ርቀት 24 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲደርስ ተደርጎ ነበር፤ የካምቢዮ ዘይት ደግሞ «የዕድሜ ልክ» ተባለ። የማን ዕድሜ እንደሆነ አልተገለጸም። ዛሬ እነዚህን መኪኖች የሚያውቁ ሰዎች የሞተሩን ዘይት ከ8 እስከ 12 ሺህ ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ይቀይራሉ፤ መጠኑ ስድስት ሊትር ተኩል ነው። የካምቢዮውንና የዲፈረንሻሉንም ይቀይራሉ።

የሙቀት መለኪያው መርፌ መሐል ላይ ከቆመ ሞተሩ አልጋለም ማለት ነው?

አይደለም፤ ይህን ያላወቀ ሰው ደህናውን ሞተር በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊያጣ ይችላል።

የዚህ መኪና ማቀዝቀዣ በከፍተኛ ሙቀት እንዲሠራ የተነደፈ ነው። ቴርሞስታቱ፣ ማለትም ውሃው ወደ ራዲያተር እንዲሄድ በር የሚከፍተው ዕቃ፣ በመደበኛ ሁኔታ የሚከፈተው 97 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው። ከዚያ በላይም ቢሞቅ ውሃው የማይፈላው ሁሉም ነገር እንደ ፕሬዠር ድስት ታፍኖ ስለሚሠራ ነው። የውሃ መሙያው ክዳን እስከ 2 ባር ግፊት ይይዛል፤ ግፊቱ ሲጨምር ውሃ የሚፈላበት ሙቀትም ከፍ ይላል። አንድ ቦታ ሲሰነጠቅ ግን ከውሃው ጋር ግፊቱም ይሄዳል። ግፊት ያጣው ውሃ ወዲያው ይፈላል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ ውሃ ሙቀት ተሸክሞ መሄድ አይችልም።

ከፍ ባለ ቦታ ነገሩ ይብሳል። በ2,355 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ንጹሕ ውሃ በክፍት ዕቃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ክዳኑ ግፊት መያዝ ያቆመ፣ በኩላንት ፋንታ በቧንቧ ውሃ የተሞላ እንዲህ ያለ መኪና እዚያ ቢነዳ ቴርሞስታቱ ከመከፈቱ በፊት ውሃው ሊፈላ ይችላል። ኩላንት የመፍያ ሙቀትን ከፍ ከማድረጉም በላይ ዝገት ይከላከላል፣ በቨርጂኒያ ወይም በስቶክሆልም ክረምት ደግሞ ውሃው በርዶ ሞተሩን እንዳይሰነጥቅ ያደርጋል። «ውሃ ጨምርበትና ንዳው» የሚለው ምክር መንገድ ላይ ለቀረ መኪና እንጂ ለዘወትር የሚሆን አይደለም።

አሁን ወደ መርፌው እንመለስ። የዳሽቦርዱ ኮምፒውተር ትክክለኛውን ሙቀት ያውቃል፤ ለነጂው ግን አያሳይም። ከ75 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ 110 አካባቢ እስኪደርስ መርፌው መሐል ላይ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ተደርጓል፤ ነጂው በትንሽ በትልቁ እንዳይደነግጥ ታስቦ ነው። መርፌው ከመሐል ተነቅሎ ወደ ቀይ ሲጓዝ ሞተሩ ቀድሞ ግሏል። ያኔ ዳር ይዞ ሞተሩን ማጥፋት ነው፤ «ቤት ድረስ ልድረስ» ማለት አያዋጣም። የሞተሩ አካልና ከላይ የሚከደነው ቴስታታ ሁለቱም አሉሚኒየም ናቸው። ቴስታታውን የሚያስሩት ብሎኖች የሚጠለቁበት ጥርስ በሙቀት ይላላል፤ ከዚያ በኋላ አዲስ ጓርኒሲዮን ቢገባም ብሎኑ አጥብቆ አይዝም። ጓርኒሲዮን በሁለት ብረቶች መሐል ፈሳሽና ግፊት እንዳያልፍ የሚቀመጠው ማሸጊያ ነው።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1996 ወዲህ አሜሪካ ውስጥ የተሸጠ መኪና ሁሉ ከመሪው በታች የኮምፒውተር ማንበቢያ መሰኪያ አለው፤ አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ከ2001 ጀምሮ በቤንዚን መኪኖች ላይ ግዴታ ሆኗል። እዚያ ላይ የሚሰካ ትንሽ መሣሪያ እውነተኛውን ሙቀት በስልክ ላይ ያሳያል።

ታዲያ የማቀዝቀዣውን ክፍል በቤት እንዴት ይቀይሩታል?

መጀመሪያ ይዩት። ሞተሩ በደንብ ሲቀዘቅዝ ኮፈኑን ከፍተው ከራዲያተሩ ጎን ያለውን የፕላስቲክ ታንክ በእጅ ባትሪ ይመልከቱ። ሁለቱ ግማሾች በተጋጠሙበት መስመር ላይ ነጣ ወይም ሰማያዊ ያለ የደረቀ ቅርፊት ካለ ኩላንት እየወጣ ነው፤ የፋብሪካው ኩላንት ሰማያዊ ነውና። ከዚያ የላይኛው ትልቅ ቱቦ ከራዲያተሩ ጋር የተያያዘበትን አንገት ይመልከቱ። ያረጀ ራዲያተር ላይ ቱቦውን ሲነቅሉት አንገቱ ተሰብሮ ቱቦው ውስጥ ይቀራል፤ እጅዎ ላይ የሚቀረው ስባሪ ቡናማ ሆኖ የደረቀ ነው።

አንዱን ብቻ ቀይሮ ሌላውን መተው ብዙ ሰው የሚገባበት ወጥመድ ነው። አዲስ ታንክ ግፊቱን በሚገባ ሲይዝ ቀጥሎ የሚፈነዳው አሮጌው ቱቦ ነው። ራዲያተሩ፣ ታንኩ፣ ክዳኑ፣ ቱቦዎቹ፣ ቴርሞስታቱና የውሃ ፓምፑ በአንድ ቀን ይቀየሩ፤ ቺንጋዎቹም አብረው። ለፓምፑ የውስጥ መዘውሩ ከፕላስቲክ ያልተሠራውን ይምረጡ። ማራገቢያው በቀጥታ ፓምፑ ላይ የታሰረበት መኪና ከሆነ ባለ 32 ሚሊ ሜትር ዳዶው በተገላቢጦሽ የሚፈታ መሆኑን አይርሱ፤ ብዙ ኃይል የሚባክነው ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ ሲታገሉ ነው።

ኩላንቱን መልሶ መሙላቱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። አየር ውስጥ ከቀረ ሙቀቱ ቴስታታው ውስጥ ይጠራቀማል። የመኪናው አፍንጫ ከኋላው ከፍ ብሎ ይቁም። ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ሁለተኛው ደረጃ ላይ ያድርጉ፤ ማሞቂያውን የመጨረሻው ሙቀት ላይ፣ ማራገቢያውን ዝቅተኛው ፍጥነት ላይ። ታንኩ አጠገብ ያለችውን የፕላስቲክ የአየር ማስወጫ ብሎን ላላ አድርገው ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል ለእኩል የተቀላቀለ ኩላንት በቀስታ ያፍስሱ። በብሎኗ በኩል የሚወጣው አረፋ አልቆ ንጹሕ ፈሳሽ ብቻ ሲሆን ይዝጓት፤ በኃይል አይደለም፣ ትሰበራለች። ከተነዳ በኋላ ማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር ከነፋ አየር ቀርቷል ማለት ነው። የፈሰሰውን ኩላንት ሜዳ ላይ አይተዉ፤ ጣዕሙ ስለሚጣፍጥ ውሻና ድመት ይልሱታል፣ ጥቂቱም ይገድላቸዋል።

ዘይቱስ ወዴት ይሄዳል?

ሁለት መውጫ አለው። ወደ ውጭ የሚሄደው በላይኛው የባልቦላ ክዳን ጓርኒሲዮንና በዘይት ፊልትሮው መቀመጫ ጓርኒሲዮን በኩል ነው። ሁለቱም በጥቂት ብር የሚገዙ ጎማዎች ናቸው፤ ሁለተኛው ሲያፈስ ግን ዘይቱ ቺንጋው ላይ ስለሚንጠባጠብ ሊናቅ አይገባም። ወደ ውስጥ የሚሄደው ደግሞ የሞተሩን ጭስ መልሶ እንዲቃጠል የሚያደርገው የመተንፈሻ ባልቦላ ሲደፈን ነው፤ ያኔ ሞተሩ ዘይት መጥጦ ያቃጥላል። በብርድ አገር ይህ ባልቦላ በውሃና በዘይት ድብልቅ ተሞልቶ በረዶ እስከ መሥራትና መዘጋት ይደርሳል። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ሥራው አሰልቺ ነው፣ ከባድ ግን አይደለም።

አንድ ትንሽ ዕቃ ለብቻዋ መታየት አለባት። አየር ወደ ሞተሩ በሚገባበት ክፍል ላይ እንደ ሞተሩ ዙር የምትከፈትና የምትዘጋ የፕላስቲክ መዝጊያ አለች። ስታረጅ መሐሏን የያዘው ስስ ብረት ይላላና ስብርባሪው ወደ ሲሊንደር ሊገባ ይችላል። በሁለት ብሎን የምትወጣ ስለሆነች አውጥቶ በጣት መወዝወዝ ነው፤ ከተንቀጫቀጨች ትቀየር።

ፍሬን ሲያዝ መሪው ለምን ይንቀጠቀጣል?

ብዙ ሰው የፍሬን ዲስክ ይቀይርና ይገረማል፤ መንቀጥቀጡ አይቆምም። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው የፊት ብራቾው፣ ማለትም ጎማውን ከታች የሚይዘው ክንድ፣ ከኋላ ጫፉ የሚያርፍበት ወፍራም ጎማ ቡሽ ነው። ቡሹ ሲቀደድ ክንዱ ይወላውላል። ከኋላም እንደዚሁ ነው፦ የኋላ ክንዶች ቡሽ ሲያልቅ መኪናው በነፋስ ቀን ጅራቱን የሚያወዛውዝ ይመስላል፣ የጎማው ውስጠኛ ጠርዝም ይበላል። ቴስቲናዎቹም፣ ማለትም የመሪውና የክንዶቹ መጋጠሚያዎች፣ በዚያው ይፈተሹ።

እዚህ ላይ ብዙ የቤት መካኒክ የማያውቀው ነገር አለ። የእነዚህ ቡሾች ጎማ ከውስጠኛው የብረት ቱቦ ጋር ተጣብቆ የተሠራ ነው። ክንዱ ሲንቀሳቀስ ቱቦው አይዞርም፤ ጎማው ራሱ ይጠመዘዛል። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ ጎማው ወደ ታች ተንጠልጥሎ ሳለ ብሎኑን ካጠበቁት ጎማው በዚያ ቦታ ይቆለፋል። መኪናው መሬት ሲወርድ ቡሹ ገና ሳይነዳ ተጠምዝዞ ይኖራል፤ በጥቂት ወራትም ይቀደዳል። ስለዚህ ብሎኖቹ በእጅ ገብተው፣ መኪናው በጎማው ቆሞ ወይም ክንዱ በክሪክ ወደ መደበኛ ከፍታው ተገፍቶ፣ ከዚያ በኋላ ነው የመጨረሻው ማጥበቂያ።

ለማጥበቂያው ልኬት የሚያሳይ የቶርክ መፍቻ ይያዙ። የጎማ ብሎን 120 ኒውተን ሜትር፣ የዘይት ማፍሰሻው 25 ነው፤ አሉሚኒየም ላይ በግምት የሚጠብቅ ብሎን ጥርሱን ይዞ ይወጣል። በክሪክ ብቻ የተያዘ መኪና ሥር ደግሞ በፍጹም አይገባም፤ የብረት መቆሚያ ከታች ይደረግ።

ጉልበቱን መጨመር ይቻላል?

ይቻላል፤ ሰዎች በሚያስቡት ገንዘብና መጠን ግን አይደለም። ይህ ሞተር ቱርቦ የለውም፤ የሚስበው በዙሪያው ያለውን አየር ብቻ ነው። ፋብሪካው ደግሞ ከዚያ አየር ሊገኝ የሚችለውን አብዛኛውን አውጥቶታል። የአየር ማስገቢያና ማርሚታ መቀየር ድምፁን ያሳምራል፣ ጉልበቱን ግን እምብዛም አይለውጥም። ቱርቦ ባለው ሞተር ላይ ተአምር የሚሠራው የኮምፒውተር ፕሮግራም ቅየራም እዚህ ጥቂት ፈረስ ብቻ ይጨምራል። ለማነጻጸር፣ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ በመሆኑ ብቻ እንዲህ ያለ ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል።

በሌላ በኩል የጠፋ ጉልበት አለ። የባልቦላዎቹን የመክፈቻ ጊዜ በዘይት ግፊት የሚያስተካክለው ክፍል ውስጥ ያሉት የጎማ ቀለበቶች ከዓመታት በኋላ ይጠነክሩና ግፊቱን ያሳልፋሉ። ነጂው በዝቅተኛ ዙር መኪናው ሲሰንፍበት ያስተውላል፣ ግን ለምዶታል። ሙቀት በሚችል የተሻለ ቀለበት ሲቀየሩ ጉልበቱ ይመለሳል። በእኔ ዓይን ለዚህ ሞተር ከሚሸጡት «ማሻሻያዎች» ሁሉ ገንዘቡ የሚያዋጣው ይህ ጥገና ነው።

ታዲያ ምን ቢቀየር ልዩነቱ ይሰማል?

ጎማ። ጥሩ ጎማ መኪናው የሚዞርበትንም የሚቆምበትንም ርቀት ይለውጣል፤ ያረጀና የደረቀ ጎማ ላይ ውድ አሞርዛተር መግጠም ገንዘብ መጣል ነው። ቸርኬ ሲገዙ የብሎኖቹ አቀማመጥ 5 በ120፣ የመሐሉ ቀዳዳ 72.6 ሚሊ ሜትር መሆኑን ያረጋግጡ፤ ቀዳዳው ከሰፋ ማጥበቢያ ቀለበት ያስፈልገዋል፣ ካልሆነ መሪው ይርገበገባል።

ከዚያ ፍሬን። በየሁለት ዓመቱ የሚቀየር የፍሬን ዘይትና ጥሩ የፍሬን ሸራ ለመንገድ ይበቃሉ። አነስ ያለ ሞተር ያለው 325አይ የያዘ ሰው የ330አይን የፊት ፍሬን መግጠም ይችላል፤ ዲስኩ ከ300 ወደ 325 ሚሊ ሜትር ያድጋል፣ አንዳንድ ትንንሽ ቸርኬዎች ግን አይገቡበትም። ከአንድ ቤተሰብ የሚወሰድ የፋብሪካ ዕቃ ልኩ የታወቀ ስለሆነ ከማይታወቅ አምራች ከሚመጣ አብረቅራቂ ዕቃ ይሻላል።

አሞርዛተሩና ሞላው ቢቀየሩ መልካም ነው፤ በልክ ዝቅ ማለትም አይጎዳም። ከመጠን በላይ ዝቅ ያለ መኪና ግን አሞርዛተሩ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ያጣና ጉድጓዱን ሁሉ በአካሉ ይቀበለዋል። እንደ ብረት የጠነከረ ቡሽም እንደዚያው ነው፤ ለውድድር ሜዳ የተሠራው ለቀለበት መንገድ አይስማማም።

መሪውን በስፖርት መሪ መቀየር ምን ችግር አለው?

ይህ ቀልድ አይደለም። በእነዚህ ዓመታት መኪኖች ውስጥ የታካታ ኩባንያ ኤርባግ ይገኛል። ውስጡ ያለው ፈንጂ ኬሚካል በሙቀትና በእርጥበት ይበላሻል፤ ኤርባጉ ሲፈነዳ የብረት ስብርባሪ ወደ ነጂው ይወረውራል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ቢኤምደብሊው አሜሪካ ውስጥ ከ2000 እስከ 2006 ለተመረቱ 90 ሺህ ያህል መኪኖች ባለቤቶች ኤርባጉ እስኪቀየር ድረስ መኪናውን ጨርሶ እንዳይነዱ አስጠንቅቋል። በ2024 ደግሞ ከእነዚያ ዘግየት ብለው የተመረቱ ከ390 ሺህ በላይ መኪኖች ለጥገና ተጠሩ፤ ምክንያቱ ባለቤቶቻቸው ከአሮጌ መኪና የወጣ የስፖርት መሪ ገጥመውባቸው ሊሆን ስለሚችል ነው። የሻንሲ ቁጥሩን በአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት ተቋም ድረ ገጽ ላይ አስገብቶ ማጣራት ይቻላል፤ ቅየራው በነጻ ነው። ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ የሚገዛ መሪ ግን በመኪናው ቁጥር አይታወቅም።

ሕጉስ ምን ይላል?

እንደ አገሩ ነው። አሜሪካ ውስጥ የጭስ ማጣሪያውን አውጥቶ መንዳት በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው፤ ካሊፎርኒያ ደግሞ የአየር ማስገቢያ እንኳ የግዛቷ ፈቃድ ቁጥር ከሌለው በምርመራ ትጥለዋለች። ጀርመን ውስጥ ሞላና ቸርኬ ሲቀየር ማረጋገጫ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ካልሆነ መኪናው በየሁለት ዓመቱ የሚደረገውን ምርመራ አያልፍም። ኢትዮጵያ ውስጥም ዓመታዊ ምርመራውን ያላለፈ መኪና ቦሎ አያገኝም።

በቤት የማይሞከረው የትኛው ነው?

የኋላውን ዲፈረንሻልና ክንዶች የተሸከመው የብረት ፍሬም በአራት ቦታ ከመኪናው ወለል ላሜራ ጋር ታስሯል። ነዳጅ በተሰጠና ፍሬን በተያዘ ቁጥር ላሜራው ትንሽ ትንሽ ይጎብጣል፤ ከዓመታት በኋላ ማሰሪያዎቹ ዙሪያ ይሰነጠቃል፣ የብየዳ ነጥቦቹም ይነቀላሉ። ፍሪሲዮን በድንገት እየለቀቁ የሚነሱበት መኪና ቶሎ ይደርስበታል። ማርሽ ወደ ኋላ ሲገባ ወይም ነዳጅ ሲለቀቅ ከኋላ መቀመጫው ሥር የሚሰማ «ደግ» የሚል ድምፅ ምልክቱ ሊሆን ይችላል። ለማየት መኪናውን በመቆሚያ ላይ አድርጎ፣ አራቱን ማሰሪያዎች ከጭቃ አጽድቶ፣ በጠንካራ ብርሃን ዙሪያቸውን መፈለግ ነው፤ ስንጥቁ ከቀለሙ ሥር እንደ ቀጭን የዝገት መስመር ይታያል።

ጥገናው ፍሬሙን ማውረድ፣ ስንጥቁን መበየድና በላዩ የማጠናከሪያ ላሜራ መበየድ ነው። የነዳጅ ታንኩ ከፊተኞቹ ማሰሪያዎች አጠገብ ስለሆነ ብየዳ ከመጀመሩ በፊት መውረድ አለበት። ይህን ለሚያውቅበት ብየዳ ቤት ይስጡት፤ መኪናውን ገና ካልገዙት ደግሞ ዋጋ ከመነጋገርዎ በፊት ሥሩ ገብተው ይመልከቱ።